አናቱ በየት በኩል ነው?

55 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የበረዶ ዘንግ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆና ከፍሪዘር ትወጣለች። ከረጢቷ ላይ አንድ ቁጥርና አንድ ቀስት አለ። ቀስቱ አናቷን ያሳያል፤ አናት የሚባለው ወደ በረዶው ገጽ፣ ማለትም ወደ ቅርቡ ዘመን ያለው ጫፍ ነው። ዘንጓ መጋዙ ጠረጴዛ ላይ ስትጋደም ብትገለበጥ ዓይን አይለየውም፤ በረዶ በሁለቱም ጫፍ በረዶ ነው። ጉዱ የሚወጣው ከወራት በኋላ ግራፉ ሲሠራ ነው። የእሳተ ገሞራ አሻራ በድንገት ጀምሮ ቀስ እያለ መክሰም ሲገባው፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ ባንዴ ቀጥ ይላል። ይህም የሚታየው ዕድል ቀንቶ በዚያች 55 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እሳተ ገሞራ ካጋጠመ ነው። ካላጋጠመ ስህተቱ እንደታተመ ይቀራል።

በዋልታና በአየር ንብረት ምርምር ለሚጀምር የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ተማሪ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው እንዲህ ባለ ሥራ ያልፋሉ። ፎቶ ላይ የሚታየው ወፍራም ጃኬትና ነጭ ሜዳ እውነት ነው፤ ግን ለሚደርሰው ተማሪ እንኳ ከዓመቱ ጥቂት ሳምንት ነው፣ ለብዙዎች ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። እዚህ የምናወራው ስለ ቀሪው ጊዜ ነው፤ በተለይ አይስ ኮር ስለሚባለው፣ ከበረዶ ግግር ውስጥ በመሰርሰሪያ ስለሚወጣው የበረዶ ዘንግ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእናንተ በፊት የወጣ በረዶ

አዲስ ተማሪ የሚቆርጠው በረዶ ብዙ ጊዜ ተማሪው ሳይወለድ የተቆፈረ ነው። ግሪንላንድ አናት ላይ አውሮፓውያን በ1992፣ 3,029 ሜትር፣ አሜሪካኖች ደግሞ እዚያው አጠገብ በ1993፣ 3,053 ሜትር ቆፍረው ያወጡት በረዶ እስከ ዛሬ ጥያቄ ይቀርብበታል። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ክምችት ኮሎራዶ፣ ሌክዉድ ነው። ማከማቻው ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ፣ መቁረጫ ክፍሉ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነው። አውሮፓ ውስጥ ኮፐንሃገን፣ በርን፣ ብሬመርሃቨን፣ ካምብሪጅና ግሬኖብል የዘርፉ ትልልቅ ማዕከሎች ናቸው። ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪው በእጁ የትኛው ኮር እንዳለና ማሽኑ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ማሽን ተውሶ የሚሠራ ቡድን ውስጥ የገባ ተማሪ ወረፋ ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቃል።

በረዶ ለመጠየቅ የሚቀርበው ቅጽ አጭር ነው፤ ግን ያጋልጣል። ከየትኛው ጥልቀት፣ ከዘንጉ ወርድ የትኛው ክፍል፣ ስንት ግራም፣ በምን ያህል ርቀት እየተቆረጠ፣ ለምን? ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ሒሳብ ሥሩ። 100 ሜትር ኮር በየ5 ሴንቲ ሜትር ቢቆረጥ 2,000 ናሙና ይሆናል። የውሃ አይሶቶፕ (በውሃው ውስጥ የከባዱና የቀላሉ አተም ምጣኔ) የሚለካው የሌዘር ማሽን አንድ ናሙና ስድስት ጊዜ ይወጋል፤ አንዱ ምት 9 ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ለአንድ ናሙና 54 ደቂቃ ማለት ነው። 2,000 ናሙና 1,800 ሰዓት፣ ማለትም ማሽኑ ሌት ተቀን ሳይቆም 75 ቀን ይፈልጋል። ለመለኪያ ውሃዎች ሩብ ያህል ጨምሩበት። ብልሽትም አለ፣ የሌላ ሰው ወረፋም አለ። «በየ5 ሴንቲ ሜትር» ብላችሁ የጻፋችኋት ቁጥር አንድ መንፈቅ በላች። በዚያ ጥልቀት አንድ ዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከያዘ ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ደክሞ ወቅቶችን መለየት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ የዓመቱ ውፍረት፣ ቀጥሎ የመቁረጫው ርቀት፣ ከዚያ የማሽኑ ቀን ይሰላል። ብዙ ተማሪ ግን ከኋላ ወደ ፊት ያሰላዋል።

መጋዙ

ከ36 ዲግሪ ብርድ የወጣ ኮር ወዲያው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ቢገባ ይሰነጠቃል። ቢያንስ አንድ ሌሊት መቁረጫው ክፍል ውስጥ አድሮ የክፍሉን ሙቀት መያዝ አለበት። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በታች ጀምሮ ያለው በረዶ ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ውስጡ የታፈነው አየር በከፍተኛ ግፊት ስላለ፣ ገና እንደወጣ ቢነካካ እንደ ብርጭቆ ይበተናል። ምዕራብ አንታርክቲካ ላይ ዋይስ ዲቫይድ በተባለው ቦታ 3,405 ሜትር ሲቆፈር፣ ይህ ተሰባሪ ክፍል እዚያው በረዶው ውስጥ ከርሞ እንዲላላ ተደርጎ ነው የተጓጓዘው። ከዚያ በታች አየሩ ከበረዶው ጋር ተዋህዶ አረፋው ይጠፋል፤ በረዶውም እንደገና ይጠነክራል።

መቁረጫው ባንድ ሶው ነው፤ አናጢ ቤት ያለው ዓይነት፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ። የሚያበላሸው ምላጩ ሳይሆን ብናኙ ነው። የበረዶ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ተጠቅጥቆ ይደድርና ዘንጉን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ያነሳዋል፤ ቁራጩ ይንጋደዳል፣ ቀጥሎ ያለውም ቁራጭ ተንጋዶ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ በብሩሽ ጥረጉ። ምላጩ በልቶ የሚያስቀረውንም አትርሱ። በአንድ ቁርጥ 2 ሚሊ ሜትር ቢጠፋ፣ በ55 ሴንቲ ሜትር ላይ በ10 ቁርጥ 2 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ናሙናዎቹን እያንዳንዳቸው 5 ሴንቲ ሜትር ናቸው ብሎ መዝግቦ በመጨረሻ ድምሩ ከዘንጉ ጋር አልገጥም የሚለው ተማሪ ችግሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ቁራጩን ሳይሆን ከአናት ጀምሮ ያለውን ርቀት መለካት ነው፤ ማስመሪያው ከዘንጉ ጎን ይተኛል፣ ዜሮው አናት ላይ ይሆናል፣ እስከ መጨረሻው አይነሳም።

የጽሕፈት ነገር ቀላል ይመስላል፤ በዚያ ብርድ ቢክ አይጽፍም። እርሳስ ይዛችሁ ግቡ። ፕላስቲክ ላይ የሚጻፍበት ማርከር የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ወጥቶ ይመለስ። መነጽር ያደረገ ሰው ትንፋሹ ወደ ላይ እንዳይወጣ የፊት መሸፈኛውን አፍንጫው ላይ ማጥበቅ አለበት። ጥጥ ልብስ ላብ ይይዛል፤ ከውስጥ ሱፍ ይሻላል። ጓንቱ ሁለት ነው፣ ከውስጥ ስስ ሱፍ፣ ከላይ ዱቄት የሌለው የላብራቶሪ ጓንት። ለብቻ አይገባም፤ ከመጋዝና ከብርድ ጋር ብቻውን የተዘጋበት ሰው የሚሰማው የለም።

ንጽሕናው በሚለካው ነገር ይወሰናል። ለውሃ አይሶቶፕ ጓንት የነካው በረዶ ምንም አይሆንም። ለሶዲየምና ለአሞኒየም ግን ላብና ትንፋሽ ራሱ ብክለት ነው፤ በዋልታ በረዶ ውስጥ ያለው መጠን ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ነውና። ለዚህ ነው የኬሚስትሪ ዘንጎች በወርቅ በተለበጠ ወይም በሴራሚክ ማቅለጫ ላይ ቆመው እየቀለጡ፣ የመሃሉ ውሃ ብቻ ወደ ማሽኑ የሚሄደውና የዳር ዳሩ የሚደፋው። ማቅለጡ በደቂቃ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ሁለት ዘንግ የሚገናኝበት ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተላገ በመሃል አየር ይገባና የአንድ ደቂቃ መረጃ ይጠፋል። ደግሞ የመቆፈሪያው ፈሳሽ አለ። ጉድጓዱ እንዳይዘጋ የሚሞላበት ዘይት ነገር ነው፤ ስንጥቅ ካገኘ ገብቶ ያድራል። የተሰነጠቀ ዘንግ ከሆነ ስንጥቁ ድረስ ላጉ፤ ካልሆነም ያችን ቁራጭ ተዉአት።

ውሃው ሲለካ

የኦክስጅን-18፣ ማለትም የከባዱ ኦክስጅን፣ መጠን የሚገለጸው ከውቅያኖስ ውሃ ጋር እየተነጻጸረ በፐርሚል፣ ማለትም ከሺህ ነው። ደመናው እየተጓዘና እየበረደ ሲሄድ ከባዱ ውሃ ቀድሞ ይወርዳል፤ ለዋልታው የሚተርፈው ቀላሉ ነው። የዴንማርኩ ዊሊ ዳንስጎርድ በ1952 የዝናብ ውሃ በጠርሙስ እያጠራቀመ የጀመረው ነገር ነው፣ ዛሬ የሙቀት ታሪክ የሚነበብበት። ማዕከላዊ ግሪንላንድ ወደ −35፣ ምሥራቅ አንታርክቲካ አምባ ላይ ከ−50 በታች ይገኛል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተማሪን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። በመጽሐፉ ሕግ ከፍታ ሲጨምር ዝናቡ ይቀላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ ዝናቧ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ ላላት ከፍታ እንግዳ የሆነ ከባድ ውሃ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዝናብ አይሶቶፕ መረብ ውስጥ ስላለች ጉዳዩ በደንብ የታወቀ ነው፤ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ዛሬም ያከራክራል። የግሪንላንዱን ሕግ እንደ ጸሎት ለሚደግም ሰው ጥሩ ማስታገሻ ናት።

ማሽኑ ትዝታ አለው። ከ−30 ናሙና ቀጥሎ የ−50 ናሙና ቢገባ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ወደ −30 ይጎተታሉ። ከስድስቱ ምት የመጀመሪያዎቹን ሦስት መጣል የተለመደው ለዚህ ነው። ናሙናዎችን በጥልቀት ቅደም ተከተል መደርደርም ይረዳል፤ ጎረቤታሞች ስለሚቀራረቡ ዝላዩ ያንሳል። በየመሃሉ የሚገቡት መለኪያ ውሃዎች ናሙናውን ከላይም ከታችም ማቀፍ አለባቸው። −8 እና −30 የሆኑ መለኪያዎች ይዞ −52 የሆነ በረዶ የሚለካ ሰው ማስመሪያው ካለቀ በኋላ በግምት እየለካ ነው።

ቁጥሩ ቀስ በቀስ መንሸራተት ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው የመርፌ መግቢያው ጎማ ነው። ብዙ መቶ ጊዜ ከተወጋ ያፈስሳል፤ ምልክቱም የእንፋሎቱ መጠን ወደ 20,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን) መርጋት ሲገባው መዋዠቁ ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የተወጋ ክዳን ነው። የተበሳ ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ውሃው ይተናል፣ የቀረው ይከብዳል፣ ከባዱን ሃይድሮጅን (ዲዩተሪየም) ከከባዱ ኦክስጅን ጋር የሚያነጻጽረው፣ ዲዩተሪየም ኤክሰስ የሚባለው ቁጥርም ይወርዳል። ኦክስጅኑ ብቻ ቢታይ «ሞቃት ዘመን» ይመስላል። የሁለቱን አይሶቶፖች ልዩነት ያየ ግን ክዳኑ እንደነበር ወዲያው ያውቃል። ድጋሚ ለመለካት አዲስ ብልቃጥ ከተቀመጠው ውሃ ሙሉ፤ የተበሳውን አትመልሱ።

ከአይሶቶፕ ወደ ዲግሪ ሲኬድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛሬ በግሪንላንድ ላይ ከቦታ ቦታ ሲለካ አንድ ዲግሪ ወደ 0.67 ፐርሚል ይመጣል። በ1990ዎቹ የጉድጓዱ ሙቀት ራሱ ሲለካ ግን ያለፈው የበረዶ ዘመን ስሌት ግማሽ ያህል ብቻ እንደሆነ ታወቀ፤ ማለትም ቅዝቃዜው ከታሰበው እጥፍ ገደማ፣ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ 0.67ን ለሁሉም ዘመን ማባዛት ፈታኝ የሚጠብቃት ስህተት ናት።

ጥልቀት፣ ከዚያ ዓመት

አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው፤ በሙቅ ክፍል፣ ቡና ተይዞ።

የአውሮፓውያኑ ከረጢቶች ከላይ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው 0.55 ሜትር ናቸው። የከረጢት 1,000 ግርጌ 550.00 ሜትር፣ አናቱ 549.45 ሜትር ነው። ቁጥሩን በ0.55 አባዝቶ «ይህ አናቱ ነው» ያለ ሰው መረጃውን በሙሉ 55 ሴንቲ ሜትር አወረደው። ላይኛው ክፍል ላይ ይህ ጥቂት ዓመት ነው። አንድ ዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚይዝበት ጥልቀት ግን 55 ዓመት ነው።

ቀጥሎ ዘመኑ። የግሪንላንድ አቆጣጠር «ከ2000 በፊት» እያለ ይቆጥራል፣ የአንታርክቲካውና የራዲዮካርቦኑ «ከ1950 በፊት» ይላል። ቅዝቃዜው አብቅቶ የአሁኑ ሞቃት ዘመን የጀመረበት ነጥብ በአንዱ 11,703፣ በሌላው 11,653 ነው። ሁለቱን ፋይል ሳያስተካክል አንድ ግራፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው ግሪንላንድ ከአንታርክቲካ 50 ዓመት ቀደመች ወይም ዘገየች የሚል «ግኝት» ያገኛል። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለምንኖር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም፤ የልደት ወረቀትና ፓስፖርት አልገጥም ሲሉ ያየ ይገባዋል። ነገሩን የሚያስቀው ደግሞ፣ በ2015 የወጣ ጥናት በ774 እና 775 ዓ.ም. የተከሰተን የጠፈር ጨረር አሻራ ተጠቅሞ የግሪንላንዱ አቆጣጠር በመጀመሪያው ሺህ ዓመት ላይ 7 ዓመት ገደማ መሳሳቱን ማሳየቱ ነው። ሰባት! ከእኛ አቆጣጠር ጋር ግን አንዳች ዝምድና የለውም።

ዓመት ሲቆጠር አጠራጣሪ ንብርብር ይመጣል። አንድ ዓመት ነው ወይስ አንድ ዓመት ውስጥ የወረደ ሁለት ማዕበል? የግሪንላንዱ ደንብ አጠራጣሪውን ግማሽ ዓመት፣ ስህተቱንም ግማሽ ዓመት አድርጎ ይመዘግበዋል። እየተደመረ ሲሄድ የስህተቱ መጠን ይታወቃል። ደጋፊ ምሰሶ የሚሆኑት እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ የ1257ቱ ሳማላስ፣ የ1815ቱ ታምቦራ፣ የ1783ቱ የአይስላንድ ላኪ። ታምቦራ ሚያዝያ 1815 ፈነዳ፣ ከፍንዳታው የመጣው የድኝ ውህድ፣ ሰልፌቱ፣ ዋልታ ላይ በብዛት የወረደው ግን 1816 ነው፤ ይህችን አንድ ዓመት ካልቆጠሩ ምሰሶው ይንጋደዳል። ላኪ ለእኛ ሰዎች ሌላም ትርጉም አለው። ስምንት ወር የፈጀው ያ ፍንዳታ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዝቅዞ የዝናብ ወቅቱን አዳክሟል፤ በ1783 እና 1784 የዓባይ ውሃ ወርዶ ግብፅ በረሃብ ተመታለች። የግሪንላንዱ የአሲድ መስመርና የደጋው ክረምት በአንድ ሰንሰለት ላይ ናቸው።

ጋዝ ደግሞ ከበረዶው ያንሳል፣ በዕድሜ። በረዶው ከ50 እስከ 120 ሜትር ጥልቀት ላይ ደርሶ፣ ክብደቱ በኪዩቢክ ሜትር 830 ኪሎ ግራም ገደማ እስኪሆን ድረስ አየር እንደልቡ ይመላለስበታል። ስለዚህ አረፋው ውስጥ የተዘጋው አየር ዙሪያውን ካለው በረዶ ወጣት ነው፤ በረዶ በብዛት በሚወርድበት ዋይስ ዲቫይድ መቶዎች፣ በደረቁ ምሥራቅ አንታርክቲካ እስከ ሺዎች ዓመት። ሙቀት ከበረዶው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአረፋው ይለካል፤ የቱ ቀደመ የሚለው ረጅም ክርክር በከፊል የዚህችን ልዩነት ስሌት ተከትሎ የመጣ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከግሪንላንድ በረዶ ለመለካት ከማሰባችሁ በፊትም ተመለሱ፤ አቧራው ውስጥ ያለው ካርቦኔት እዚያው በረዶው ውስጥ ጋዝ ይፈጥራል። ያ ሥራ የአንታርክቲካ ነው። ሜቴን ግን ከሁለቱም ይወጣል፣ ሁለቱንም ዋልታ በዘመን ለማስተሳሰርም ዋናው ገመድ ነው። ከ12,900 ዓመት ገደማ በፊት የሜቴኑ መስመር ሲወርድ፣ የሐሩሩ ረግረጎች ደርቀው እንደነበር ይናገራል፤ በዚያው ዘመን የዝዋይና የሻላ ሐይቆችም ዝቅ ብለው ነበር። ወደ አገር ቤት ተመልሶ መሥራት ለሚፈልግ በሩ እዚህ ጋ ነው። በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር ላይ ወደ 280 ሜትር የሚጠጋ ደለል ተቆፍሮ ከ600,000 ዓመት በላይ ታሪክ ወጥቷል፤ የደለል ኮርም ቀስት፣ የከረጢት ቁጥርና የዘመን አቆጣጠር አለው፤ ሙያው ያው ነው።

ጉዞው ከደረሳችሁ

ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ከጃኬቱ በፊት ቪዛውን አስቡ። የዴንማርክ የሸንገን ቪዛ ብቻውን ግሪንላንድ አያስገባም፤ ለግሪንላንድ እንደሚሠራ በላዩ መጻፍ አለበት፣ ስለዚህ ሲያመለክቱ ለይቶ መጠየቅ ነው። ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም፤ መንገዱ ግን በኖርዌይ ነው፣ ደሴቱም ከሸንገን ውጭ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መመለሻ ያጣል። ሁለት ወይም ብዙ መግቢያ ይጠየቅ። በአሜሪካ ፕሮግራም አንታርክቲካ የሚሄድ የሕክምና ምርመራ ያልፋል፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው ጥርስ ላይ ነው። ያልተሞላ ጥርስ ካለ ቀድሞ ይሞላ።

የግሪንላንድ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አውሮፕላኑ የሚነሳው ከባሕር ጠረፍ አካባቢ ነው፣ በሁለት ሰዓት ያደርሳል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይቀለኛል ብሎ ያስባል፤ ኮፐንሃገን ወይም ቦስተን ሁለት ዓመት ከተቀመጡ በኋላ ግን ደሙም ረስቶታል። የመጀመሪያውን ቀን ሥራ አትያዙ፣ ውሃ ጠጡ። ጾም የምትጾሙ ከሆነ ለካምፑ ምግብ አዘጋጅ ከወራት በፊት ንገሩ፤ ስንቁ ቀደም ብሎ ታዝዞ የሚጫን ነው፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ሽሮ የሚፈልቅበት ቦታ የለም።

ከሰው ጋር ለመተዋወቅ የዋልታ ጀማሪ ተመራማሪዎች ማኅበር አለ፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አፔክስ ይባላል፣ ከ2007 እስከ 2008 በነበረው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ወቅት የተቋቋመ ነው። ቀጣዩ የዋልታ ዓመት 2032 እና 2033 ላይ ነው። ዛሬ ማስተርስ የሚጀምር ሰው ያን ጊዜ ዶክትሬቱን ይዞ ሥራ የሚፈልግበት ወቅት ስለሚሆን፣ ቀኑን ከወዲሁ ማስላት ነው።

የተረፈችውስ ቁራጭ? ከእያንዳንዱ ዘንግ አንድ ክፍል ሳይነካ ወደ ክምችት ይመለሳል። በ2017 ካናዳ ውስጥ የአንድ ክምችት ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ከበረዶው 13 በመቶ ገደማ ቀልጧል፤ ያ በረዶ ዳግመኛ የሚወጣው ተመልሶ በመሄድ ብቻ ነው፣ አንዳንዱም ግግር እየቀለጠ ስለሆነ ያውም ከተገኘ። ስለዚህ ስትመልሱ ከረጢቷ ላይ የቀረውን ርዝመት፣ የተቆረጠውን ጎን፣ ቀኑንና አዲስ ቀስት ጻፉ። አሮጌው ቀስት በመጋዝ ሄዷልና።